የኮልፌ ማክሰኞ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የአስተዳደር ክፍሏ ልጅ ቅጽ አምጥታ ፊቴ ዘረጋች። «እትዬ ወርቄ፣ በምን በምን መደብ እንደሠሩ ይንገሩኝና ልሙላው» አለችኝ። ጽዳት አልኳት፤ ጻፈች። ጥበቃ አልኳት፤ ጻፈች። ትኬት ቆራጭ፣ ረዳት አስጎብኚ፣ አስጎብኚ፤ ሁሉንም በየረድፉ አስገባች። ከዚያ በደርግ ጊዜ ማክሰኞ ማክሰኞ የኮልፌን ሽማግሌዎችና አሮጊቶች እያመጣሁ አስጎበኝ እንደነበር ነገርኳት። እስክሪብቶዋን አንስታ ቅጹን ከላይ እስከ ታች አየችውና፣ «ለእሱ ቦታ የለውም» አለችኝ። ልጅቱ ምን ታድርግ፣ እውነቷን ነው። እኔ ግን ሠላሳ ምናምን ዓመት ከሠራሁት ሁሉ የሥራ ያህል የሚሰማኝ እሱ ስለሆነ፣ ቅጹ ላይ ካልገባ እዚህ ላስገባው ብዬ ተቀመጥኩ። ጽሑፌ ወሬ ወሬ ቢላችሁ አትፍረዱብኝ፤ ትምህርት ቤት የገባሁ ሰው አይደለሁም።

ሙዚየም የገባሁት በመጥረጊያ ነው። ከሰላሌ መጥቼ ኮልፌ ገበያ ጀርባ ከተዳርኩ ሁለት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ባለቤቴ አልጋና ወንበር የሚሠራባት ጠባብ ቤት ነበረችው፤ እኔ ደግሞ ቤት መዋል አልሆነልኝም። አንድ ጎረቤታችን መሀል ከተማ ያለው ሙዚየም የጽዳት ሠራተኛ እንደሚፈልግ ነገረኝ። ሙዚየም ምንድነው ብዬ ብጠይቀው፣ አሮጌ ዕቃ የሚጠበቅበት ቤት ነው አለኝ። «እሱማ የኛም ቤት ነው» አልኩት። ሄድኩ፣ ተቀጠርኩ። ደመወዙ ከአውቶቡስና ከሳሙና ብዙም አያልፍም ነበር።

ያን ጊዜ ፊደል አልቆጠርኩም። ከዕቃዎቹ አጠገብ ያሉትን ካርዶች አቧራቸውን እጠርጋለሁ እንጂ ምን እንደሚሉ አላውቅም። መሠረተ ትምህርት ሲታወጅ ቀበሌያችን ውስጥ ከእናቴ እኩዮች ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ሀሁ አልኩ። ንባቡን የተለማመድኩት ግን በሙዚየሙ ካርዶች ነው። ከሁሉ በፊት አስተካክዬ ያነበብኩት «አይነካም» የሚለውን ነው፤ እሱ በየቦታው ስለነበር።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ታፈሰ ናቸው። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ነበሩ፤ አጭር፣ ደልደል ያሉ፣ ድምፃቸው ከጎናቸው ላለ ሰው ብቻ የሚሰማ። አንድ ዕቃ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን እስከ ክርናቸው ይታጠቡና ከኪሳቸው በሚያወጡት በራሳቸው ነጭ ጨርቅ ያደርቁታል። የብር መስቀልም ይሁን የተሰበረ የእንስራ አንገት ለእሳቸው ያው ነው። አንድ ቀን፣ ጋሼ ይኼ እኮ ገል ነው ብላቸው፣ «ማን እንደሠራው ታውቂያለሽ?» አሉኝ። አላውቅም አልኩ። «እኔም አላውቅም። የምታጠበው ለማላውቀው ሰው ነው» አሉኝና መታጠባቸውን ቀጠሉ።

ሌላው ልማዳቸው ሲጠየቁ አለመመለስ ነበር። ጎብኚ ይኼ ምንድነው ሲላቸው ዱካቸውን፣ ያቺን አጭር በርጩማ፣ ስበው ይቀመጣሉ፣ ሰውየውንም ያስቀምጣሉ፣ ከዚያ «እርስዎ ምን ይሉታል?» ይላሉ። መጀመሪያ ሰሞን ረስተውት ነው ብዬ አዝንላቸው ነበር። በኋላ ስሰማ ሰውየው ስለ አያቱ፣ ስለ መንደሩ፣ ስለ ሠርጉ ያወራና፣ ካርዱ ላይ በሁለት መስመር የተጻፈው ነገር ከሥር ከመሠረቱ ወጥቶ ቁጭ ይላል። ከዚያ ወዲያ እኔም ዱካ ፈለግኩ።

ማክሰኞ እንዴት እንደተጀመረ ልንገራችሁ። ሙዚየሙ የሰፊው ሕዝብ ይሁን የሚል መመሪያ ከላይ ወረደ። እስከዚያ የሚመጡልን ተማሪዎች፣ ወታደሮችና ከወዳጅ አገር የሚላኩ እንግዶች ነበሩ። ኃላፊያችን ሰብስቦን ሰፊውን ሕዝብ ከየት እናምጣው አለ። እኔ እጄን አወጣሁና «እኛ ሰፈር ሞልቷል» አልኩ። ተሳቀ። እኔ ግን የምሬን ነበር። ኮልፌ ገበያ ጎመንና ሸክላ የሚሸጡት፣ ከቆሼ ቆርቆሮና ጠርሙስ እየለቀሙ የሚያድሩት፣ ከጎጃምም ከሸዋም ከደቡብም መጥተው እዚያው ያረጁት ሰዎች እንዲህ ያለ ቤት መኖሩን እንኳ አልሰሙም፤ ቢሰሙም የባለሥልጣን ቤት ይመስላቸዋል። ኃላፊው ለሦስት ወር ሙከራ ፈቀደ። ከቀበሌው የፕሮፓጋንዳ ኮሚቴ አንድ ጓድ አብሮ ይመጣል፣ ዘገባም ይጻፋል፤ አንዳች ነገር ከተፈጠረ ይቆማል፣ ተጠያቂዋም አንቺ ነሽ አለኝ። በየወሩ የሚሞላው ወረቀት «ስንት ሰው ነቃ?» የሚል መጠይቅ ነበረው። ጋሽ ታፈሰ አይተውት፣ ስንቱ ተኛ ቢሉን ይቀለን ነበር አሉ።

የመጀመሪያ ስህተቴ ቀኑ ነው። ዓርብ አልኩ። ዓርብ አሮጊት ከቅዳሴ ወጥታ ከሰዓት በፊት ቤቷ አትደርስም፤ ረቡዕም እንደዚያው። ቅዳሜ ገበያ ነው፣ እሁድ የቀበሌ ስብሰባ፣ ሐሙስ የተማሪዎች ጉብኝት፣ ሰኞ ሙዚየሙ ዝግ። እየጣልኩ እየጣልኩ ማክሰኞ ቀረች። የሠራተኛው ሰርቪስ ጠዋት እኛን ካራገፈ በኋላ ተመልሶ ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ ሃያ ሰው እንዲያመጣልን ሾፌሩን ለመንኩት።

የመጀመሪያውን ማክሰኞ ሳስታውስ እስካሁን ሳቅ ይመጣብኛል። ሃያዎቹም በር ላይ ጫማቸውን አወለቁ። የተከበረ ቤት ነው፣ ምን ያድርጉ። ዘበኛው ይሄ መስጊድም ቤተ ክርስቲያንም አይደለም እያለ ሊያስጫማቸው ሲታገል ጋሽ ታፈሰ ደረሱ፤ ጎንበስ ብለው የራሳቸውን ጫማ አወለቁና ወደ ውስጥ መሩ። ችግሩ ወለሉ ነበር። እኔ ለዓመታት በሰም እያሸሁ ፊት እስኪያሳይ ያበራሁት ወለል፣ የመጀመሪያው አለቃዬ ሁልጊዜ የሚያመሰግነኝ በእሱ ነበር። በባዶ እግር የረገጡት ሽማግሌ ተንሸራተው ግድግዳ ያዙ። ያን ቀን ሰሙን ጣልኩ፣ በሳምንቱ ሰሌን አነጠፍን።

በሚቀጥለው ሰኞ ጋሽ ታፈሰ አዳራሹ ውስጥ ዘንግ ይዘው፣ ወገባቸውን አጉብጠው፣ እየተጎተቱ ሲሄዱ አገኘኋቸው። ያመማቸው መስሎኝ ሮጥኩ። ተዪኝ፣ እየቆጠርኩ ነው አሉኝ። ወገቡ የጎበጠ ሰው ስንት እርምጃ ሄዶ መቀመጥ እንደሚያምረው እየለኩ ነበር። ባለቤቴ በሠራቸው አግዳሚዎች በዚያው ልክ ቦታ አደረግንላቸው። ከዚያ በጉልበታቸው ተንበርክከው ካርዶቹን ከታች አዩ፤ የመስኮቱ ብርሃን መስተዋቱ ላይ ያንጸባርቅና አንድ ፊደል አይታይም። መጋረጃ ሰፋሁ። ካርዱን ባረጀ የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ በወፍራም ቀለም፣ ፊደሉን የጣት ያህል እያደረግኩ ገለበጥኩት፤ ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ ቁጭ ብዬ አነብላቸዋለሁ። መዝገብ ያልገቡ ወይም ድርብ የሆኑ ዕቃዎችን ጋሽ ታፈሰ መርጠው በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ጠረጴዛ ላይ ዘረጉ፤ እርካብ፣ የቀንድ ዋንጫ፣ የእንጨት ትራስ። እዚያ ጠረጴዛ ላይ «አይነካም» አልነበረም። ዓይን የደከመው ሰው በእጁ ነው የሚያየው።

ከቆሼ የሚመጡት አባባ ሙላት በዚያ ጠረጴዛ ነው የነገሡት። የመጀመሪያ ቀን ልብሴ ይሸታል ብለው ግቢው ውስጥ ቀርተው ነበር። ጋሽ ታፈሰ ዱካቸውን ይዘው ወጥተው አጠገባቸው ተቀመጡና፣ ለሃያ ዓመት ማንም ያልለየውን አንድ ሣጥን ሙሉ የብረታ ብረት ስብርባሪ አሳዩአቸው። አባባ ሙላት አንዱን በጥፍራቸው እየመቱ፣ በጆሯቸው እየሰሙ፣ ይህ ነሐስ ነው፣ ይህ መዳብ ነው፣ ይህ ደግሞ ብር መሳይ ሌባ ነው እያሉ እስከ ምሳ ለዩት። በሳምንቱ የተዋሱት ኮት ለብሰው መጡ።

እንዲህ እንዲህ እያልን አራት ማክሰኞ አለፈ። አካሄዳችን የአሮጌ ሰው ስለነበር ከሁለት ክፍል አልፈን አናውቅም። አምስተኛው ማክሰኞ የመጨረሻው ክፍል ደረስን።

ከሴቶቹ ሁሉ ቀድመው አውቶቡስ የሚወጡት እማማ ደብሪቱ ነበሩ። ግራ ዓይናቸውን የዓይን ማዝ ወስዶባቸዋል፤ ሁሉን ዳስሰው ነው የሚያልፉት። ብዙ አያወሩም። እኔን «አንቺ ልጄ» ብለው ነው የሚጠሩኝ፣ እጄንም ይዘው ነው የሚሄዱት።

የመጨረሻው ክፍል ውስጥ የአንድ የጥንት ጦረኛ ካባ አለ። ራስ በሌለው የእንጨት ማቆሚያ ላይ ተሰቅሏል፤ የብር ቁልፎቹ እንደተቆለፉ ናቸው። ከሥሩ ጋሻውና ሁለት ጦሮቹ፣ ከጎኑ የፈረሱ ዕቃ ተደርድሯል። ያን ካባ አሥር ዓመት ሙሉ አቧራውን አራግፌዋለሁ። እኛ አገር ልቅሶ ላይ የሟች ልብስና መሣሪያ በአደባባይ ይዘረጋል፤ አልቃሿ እሱን እያየች ነው ግጥም የምታወርደው። ይህን ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ግን ሙዚየም ስገባ የማውቀውን በር ላይ አስቀምጬ የምገባ ይመስል፣ አንድም ቀን አላገናኘሁትም።

የኮልፌ ሴቶች ገና ከበሩ ሆነው አገናኙት። ማንም ሳይነግራቸው ነጠላቸውን ዘቀዘቁ፤ ጥለቱ ወደ አንገታቸው ወጣ። ግድግዳውን ተከትለው ተቀመጡ። እኔ ስለ ካባው ጥልፍ ልናገር አፌን ስከፍት እማማ ደብሪቱ ደረታቸው ላይ እጃቸውን አሳረፉና በቀጭን ድምፅ ጀመሩ።

ልብሱ ከነቁልፉ ከዚህ ላይ ተሰቅሎ፣
ገላው የት አደረ ማን ያውቃል ተጥሎ።

ሴቶቹ ተቀበሏቸው። ክፍሉ ባዶ ስለሆነ ድምፁ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ተመልሶ ይወርዳል። ከቀበሌው አብሮን የሚመጣው ጓድ ሽመልስ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ዞር አለና ማስታወሻውን ከኪሱ አወጣ።

እኔ በዚያች ቅጽበት ያየሁት ማስታወሻውን ብቻ ነው። ለባላባት ካባ ተለቀሰ ተብሎ ሲጻፍ ታየኝ። ማክሰኞ ሲቆም፣ ጋሽ ታፈሰ ሲጠሩ፣ ልጆቼ በር ላይ ሲጠብቁኝ ታየኝ። እማማ ደብሪቱን ትከሻቸውን ያዝኩና፣ ሽመልስ እንዲሰማኝ ጮክ ብዬ፣ «እማማ፣ እዚህ ማልቀስ ክልክል ነው» አልኳቸው።

ወዲያው ዝም አሉ። በደህና ዓይናቸው ቀና ብለው አዩኝ።

«እዚህም?» አሉኝ።

ፊታቸውን ጠረጉ፣ ነጠላቸውን አቀኑ፣ ሰሌኑን በእግራቸው እየፈለጉ ወጡና ባዶው አውቶቡስ ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። ሴቶቹ ተከተሏቸው። ሽመልስ ምን ሆነው ነው ሲለኝ ታመው ነው አልኩት። ይጻፍ አይጻፍ አላወቅኩም።

በሳምንቱ ሰርቪሱ ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ ይዞት የመጣው ሦስት ወንዶችን ነበር። ሴቶቹስ ብዬ አባባ ሙላትን ጠየቅኩ። አይመጡም አሉኝ፤ ደብሪቱ እዚያም ክልክል ነው ብላቸዋለች።

ለጋሽ ታፈሰ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ አልተቆጡኝም። ዱካቸውን ይዘው የመጨረሻው ክፍል ገቡና ካባው ፊት ተቀመጡ። «ይህንን እንዲህ አድርጌ ያቆምኩት እኔ ነኝ» አሉ በመጨረሻ። «ልቅሶ ቤት ሠርቼ ሳበቃ ለቀስተኛ ሲመጣ ደነገጥን። አንቺ ሂጂና ቤቷን አንኳኪ። ማክሰኞን አትለምኚያት። እሷን ጠይቂያት ብቻ።»

ከቀበሌ ሱቅ የሚሰጠኝን የኮታ ስኳር ግማሹን ቋጥሬ ሄድኩ። እማማ ደብሪቱ የሚኖሩት ከገበያው ወረድ ብሎ አራት ቤት በጋራ በሚጠቀምበት ግቢ ነው፤ ነፋሱ ከቆሼ በኩል ሲመጣ በር ዘግተው የሚቀመጡበት ወገን። ከፈቱልኝ፣ ወንበሩን በነጠላቸው ጠርገው ሰጡኝ። «ይቀመጡ» አሉኝ። «ምን ላምጣልዎት?» አሉኝ። ልቧ የሻከረባት አሮጊት ልጇ የምትሆነውን ሴት እንዴት አድርጋ በአክብሮት ከደጇ እንደምትመልስ ያን ቀን አየሁ። ይቅርታ ለመንኳቸው። ምን በደሉኝና አሉ፤ መንግሥት የከለከለውን እርስዎ ምን ያድርጉ። ስኳሩን አልተቀበሉም። አሥር ደቂቃ እንኳ ሳልቀመጥ ወጣሁ።

ግቢው በር ላይ ጎረቤታቸው እትዬ አስካለ ደረሱብኝ። ጎመን ሻጭ ናቸው፤ ማክሰኞ አውቶቡሱ ውስጥ በቀልድ የሚያስቁን እሳቸው ነበሩ።

«ልጇን አታውቂውም መቼም» አሉኝ።

አላውቅም ነበር። አንድ ልጃቸው ነው፤ ጋራዥ ይሠራ ነበር፣ ማታ ይማር ነበር። በዚያ ክፉ ጊዜ ወስደውት አልተመለሰም። የት እንደወደቀ የነገራቸው የለም። ጥቁር አትልበሺ ተባሉ፣ ድንኳን አትትከይ ተባሉ፣ ድምፅሽ ከግቢ ውጭ እንዳይሰማ ተባሉ።

«እንዴት አጽናናችኋቸው ታዲያ?» አልኩ።

«ወንፊት እየተዋስን» አሉ እትዬ አስካለ። «አንዷ ትገባና ደብሪቱ ወንፊትሽን አውሺኝ ትላለች። ትንሽ አብራት ተቀምጣ አልቅሳ ትወጣለች። ቀጥላ ሌላዋ ወንፊቱን ልመልስ ብላ ትገባለች። ሳምንቱን ሙሉ ያቺ ወንፊት ስትወጣ ስትገባ ሰነበተች። የጥበቃ ጓዱ፣ ይኼ ግቢ ምን ዓይነት ዱቄት ነው የሚነፋው ብሎ ጠይቆናል።» ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ቶሎ አለቀ። «ካባውን ስታይ ተፈቀደ መሰላት። እኔም መስሎኝ ነበር።»

ያን ቀን ከኮልፌ ገበያ እስከ ቤቴ ያለችው መንገድ እንዴት ረዘመችብኝ። በሥራ ዘመኔ ብዙ ተሳስቻለሁ። ዕቃ ሰብሬ አውቃለሁ፣ ለእንግዳ የአንዱን ንጉሥ ዘመን ለሌላው ሰጥቼ አውቃለሁ። እነዚህ ሁሉ ይታረማሉ። ያቺ ሴት ግን በሕይወቷ አንድ ቦታ አግኝታ ድምፅዋን አውጥታ ነበር፣ ያፈንኳት እኔ ነኝ።

ለጋሽ ታፈሰ ስነግራቸው እጃቸውን ሊታጠቡ ተነሱ። ምን ሊነኩ ነው ብዬ ብጠብቅ ምንም አልነኩም። ታጥበው፣ አድርቀው፣ ቁጭ አሉ። ከዚያ አንድ ሐሳብ አመጡ። ከማክሰኞው ጉብኝት መጨረሻ ግማሽ ሰዓቱን እንቀንስ፤ አስጎብኚ አይናገር፤ በሩ ገርበብ ይበል፤ ሰው የፈለገበት ክፍል ይቀመጥ። የመጨረሻው ክፍል አግዳሚዎች ግድግዳውን ይዘው ካባውን ከበው ይቀመጡ። ዕቃ የሚነካበት ጠረጴዛም ወደዚያ ይግባ። ወረቀቱ ላይ እኔ «የአዛውንት ዕረፍት» ብዬ ጻፍኩ። ኃላፊው አነበበውና፣ ንቃቱስ አለኝ። አርፈው ነው የሚነቁት አልኩት። ፈረመ።

ወሬውን ለእትዬ አስካለ ላክሁ። በመጀመሪያው ሳምንት እሳቸው ከሌላ ሁለት ሴት ጋር መጡ። በግማሽ ሰዓቱ ውስጥ እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ጀርባዬን ለበሩ ሰጠሁ። ምንም አልሰማሁም። ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። በሳምንቱ ስድስት፣ ከዚያ አሥር ሆኑ። እማማ ደብሪቱ ግን የሉም። የሙከራው ሦስት ወር ሊያልቅ ሁለት ማክሰኞ ቀረው።

ከሁለቱ በፊተኛው ማክሰኞ ሰርቪሱ ቆሞ ሲያራግፍ መጨረሻ ላይ ወረዱ። በነጠላ የተጠቀለለ ነገር በብብታቸው ይዘዋል። ፍተሻው ላይ ዘበኛው ይፈታ አለ፤ ያኔ ጥቅል ይዞ መግባት አይፈቀድም። እማማ ደብሪቱ ጥቅሉን አጥብቀው ያዙት። ዘበኛውን አላዩትም፤ እኔን ነው ያዩኝ።

ጋሽ ታፈሰ ከውስጥ ወጡ። ጠጋ ብለው እጃቸውን አሳዩአቸው፤ ውሃው ገና አልደረቀም ነበር። እማማ ደብሪቱ ያንን እርጥብ እጅ አዩት። ጥቅሉን ሰጡ። ጋሽ ታፈሰ ዘበኛውን፣ ለጠረጴዛው የመጣ ዕቃ ነው አሉትና አለፉ።

የመጨረሻው ክፍል ገብተን ሲፈታ፣ ሰማያዊ ኮት ነበር። ክርኑ ላይ ተጥፏል፣ አንዱ ቁልፍ በሌላ ቀለም ተተክቷል፣ እጅጌው ላይ የቆየ የግሪስ ምልክት አለ። ጋሽ ታፈሰ ነጭ ጨርቁ ላይ አነጠፉት፤ እጅጌዎቹን እንደ ሰው ክንድ ዘረጓቸው፣ ኮሌታውን አቀኑ። ከዚያ ወደ ኋላ ሄዱ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቀዘቁ።

ገና ድምፅ ሳይወጣ ጓድ ሽመልስ ገርበብ ያለውን በር ገፋ አደረገው። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። በትከሻዬ አሻግሮ ጠረጴዛውን አየ።

«ይኼ ደግሞ ምንድነው?» አለኝ።

«ቅርስ ነው» አልኩት።

«ኮት እኮ ነው። የማን ነው?»

«ገና እየተጠና ነው።»

ሽመልስ የኮልፌ ልጅ ነው፣ ከእኛ ሰፈር ነው ያደገው። ኮቱን ደግሞ አየው። እሱም የለበሰው የዚያው ዓይነት ኮት ነበር፤ ያኔ ወጣቱ ሁሉ የሚለብሰው። እማማ ደብሪቱን አየ። ማስታወሻው ኪሱ ውስጥ ነው፣ እጁም ኪሱ ውስጥ ነው።

«ሲጋራ ላጭስ» አለና ወጣ። ግቢው ውስጥ ዛፉ ሥር ቆመ። ግማሽ ሰዓቱ እስኪያልቅ አልተመለሰም። በመስኮቱ ሳየው ምንም አያጨስም ነበር።

እማማ ደብሪቱ ከኮቱ እጅጌ አንዱን ያዙ። ያሉትን አልጽፈውም። ድምፃቸው እንደዚያን ቀን አልወጣም፤ ዝቅ ብሎ፣ የሚያወሩ ይመስል፣ ሴቶቹም በጣታቸው ጫፍ ደረታቸውን እየነኩ ይቀበሉ ነበር። እኔም በዚህኛው ማክሰኞ ጀርባዬን አልሰጠሁም። ገብቼ ከግድግዳው ሥር ከእነሱ ጋር ተቀመጥኩ።

ሰዓቱ ሲደርስ ራሳቸው ተነሱ። ጋሽ ታፈሰ ሙዚየሙ ውስጥ ለገባና ለወጣ ሁሉ የሚጽፉበትን መዝገብ ይዘው ቆመው ነበር፤ ልማድ ነው። ስሙን ልጻፍ ብለው ጠየቋቸው። እማማ ደብሪቱ የመዝገቡን ገጽ በጣታቸው ዳሰሱ። «አይ፣ እኔ ዘንድ ይቆይ» አሉ። ጋሽ ታፈሰ መዝገቡን ዘጉት፤ ኮቱን አጥፈው በሁለት እጃቸው ሰጧቸው።

ወደ ኮልፌ ስንመለስ አብሬ ሄድኩ። አውቶቡሱ ውስጥ እማማ ደብሪቱ ከሾፌሩ ጋር ተጣሉ፤ ፌርማታቸውን አሳልፎ ሊሄድ ነበር። ዓይንህን የወሰደው ማን ነው፣ የኔ እንኳ ምክንያት አለው አሉት፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። እንዲህ ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም። ሾፌሩ ቆመላቸው። ሊወርዱ አንድ እግራቸውን ደረጃው ላይ እንዳደረጉ ዞሩና ክንዴን ያዙኝ። ከኋላ ወንበር ላይ ዘንቢላቸውን ታቅፈው በመስኮት የሚያዩትን እትዬ አስካለን በአገጫቸው አመለከቱኝ።

«አንቺ ልጄ፣ የሚመጣው ማክሰኞ አለ አይደል?»

አለ አልኳቸው። አንድ ይቀረናል።

«አስካለም አላት» አሉኝ በብብታቸው የያዙትን ኮት አየት አድርገው፣ ዝቅ ብለው። «ሁለት ነው ያላት።»